ለዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የሊኩዊድ ኩለር አመራረጥ፦ ሙቀቱ የሚታነቀው የት ላይ ነው?

«240 ይበቃኛል ወይስ 360 ልግዛ?» ሊኩዊድ ኩለር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን በሚዞር ፈሳሽ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቁጥሮቹ የራዲያተሩ (ፈሳሹ የሚቀዘቅዝበት ባለክንፍ ክፍል) ልክ በሚሊሜትር ናቸው። አግባብ ያለው ጥያቄ ነው፤ ግን የሚቀድመው ሌላ አለ። ሙቀቱ መንገድ ላይ የሚታነቀው የት ነው? ከሲሊከኑ የተነሣ ሙቀት የክፍሉ አየር ላይ እስኪደርስ አራት ኬላ ያልፋል። ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ይወጣል፤ ከክዳኑ በተርማል ፔስት (ሙቀት በሚያስተላልፍ ቅባት) በኩል ወደ ኩለሩ የመዳብ ሳህን ይሻገራል፤ ከመዳቡ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ በመጨረሻ ፈሳሹ በራዲያተሩ ሲያልፍ ወደ አየሩ ይበተናል። ትልቅ ራዲያተር የሚያሰፋው አራተኛውን ኬላ ብቻ ነው። ሙቀቱ የታነቀው የመጀመሪያው ላይ ከሆነ 420 ቢገጥሙም የሚያተርፉት ጥቂት ዲግሪ ነው።

እዚህ የምናወራው በፋብሪካ ተሞልቶና ታሽጎ ስለሚመጣው፣ ፓምፑ፣ ቱቦዎቹና ራዲያተሩ አንድ ላይ ተያይዘው ስለሚሸጡት፣ «ኤአይኦ» ስለሚባለው ዓይነት ነው። ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት የመጨረሻው ዋት አይደለም

የፕሮሰሰሩ ካርቶን ወይም የአምራቹ ገጽ ላይ የሚታየው ትንሹ ቁጥር መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም። ኢንቴል ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ኮር አይ9-14900ኬ መነሻው 125 ዋት፣ የቱርቦ (ፍጥነቱን ሲጨምር የሚደርስበት) ጣሪያው 253 ዋት ነው። ኮር አይ5-13400 እንኳ ከ65 ዋት ተነሥቶ 148 ዋት ይደርሳል። በኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተጻፈውን ዋት በ1.35 ያባዙ። 65 የተባለው 88 ድረስ፣ 105 የተባለው 142 ድረስ፣ 120 የተባለው 162 ድረስ፣ 170 የተባለው 230 ድረስ ከሶኬቱ ይስባል። ለኩለር ምርጫ የሚያገለግለው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስኬድ ነገርም አለ። ብዙ ማዘርቦርዶች ስማቸው በ«ኬ» ለሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የኃይል ገደቡን ከፋብሪካ ጀምረው አንሥተው ይመጡ ነበር፤ ያኔ 253 የተባለው ፕሮሰሰር ከ300 ዋት በላይ ሊሄድ ይችላል። በ2024 ኢንቴል በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ከታየው ያለመረጋጋት ችግር ጋር በተያያዘ፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መቼቶች የሚስተካከሉበት ፕሮግራም) ውስጥ የራሱ ነባሪ ገደቦች ሥራ ላይ እንዲውሉ መክሯል። ስለዚህ ትልቅ ኩለር ከመግዛትዎ በፊት ባዮሱን አድሰው ገደቡ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ። ገደቡን መመለስ ምንም ወጪ የለውም፤ አንዳንድ ጊዜም ሊገዙ ያሰቡትን ኩለር ጨርሶ አላስፈላጊ ያደርገዋል።

ኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራም ይጠይቁ። ጌም ሲጫወቱ ፕሮሰሰሩ ከጣሪያው በጣም ያነሰ ዋት ነው የሚስበው። ቪዲዮ ሲያቀናብሩ፣ በብሌንደር ሬንደር ሲያደርጉ ወይም ትልቅ ኮድ ሲያጠናቅሩ ግን ሁሉም ኮር (የፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍል) ለረጅም ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።

እስከ 90 ዋት ድረስ ሊኩዊድ ኩለር አያስፈልግዎትም፤ አራት የሙቀት ቱቦ ያለው አንድ ማማ (የብረት ክንፎች ቁልል) የአየር ኩለር በቂ ነው። ከ90 እስከ 160 ዋት ጥሩ ባለሁለት ማማ የአየር ኩለር ወይም 240። ከ160 እስከ 230 ዋት 280 ወይም 360። ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚሠራ ከሆነ 360፣ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ከቻለ 420። የኩለሩ ካርቶን ላይ «እስከ 300 ዋት» የሚለው ቁጥር የጋራ መለኪያ ስለሌለው አንዱን አምራች ከሌላው ለማወዳደር አይረዳም።

ትልቅ ራዲያተር የማይረዳበት ጊዜ

የራይዘን 7000 ተከታታይ የመጀመሪያው ኬላ ምሳሌ ነው። ኮሮቹ ያሉበት ቺፕ ስፋቱ 70 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ክዳኑም የኤኤም4 (የቀድሞው ሶኬት) ኩለሮች እንዲገጥሙበት ሲባል ወፍራም ተደርጎ ነው የተሠራው። ብዙ ዋት ከጠባብ ቦታ ስለሚወጣ፣ ሙቀቱ ወደ ኩለሩ ሳይደርስ እዚያው ይጠራቀማል። 7800ኤክስ3ዲ ላይ ተጨማሪው ካሽ (ፈጣን የውስጥ ማህደረ ትውስታ) ከኮሮቹ በላይ ስለተነባበረ መንገዱ ይበልጥ ይጠባል፤ የሙቀት ጣሪያውም 89 ዲግሪ ነው። በ2024 በወጣው 9800ኤክስ3ዲ ካሹ ከኮሮቹ በታች ስለገባ ይህ ችግር ቀለለ።

7950ኤክስን የመሰለ ፕሮሰሰር በሙሉ ጭነት ላይ ሆን ብሎ እስከ 95 ዲግሪ ይሄዳል፤ የተነደፈው እንዲያ ነው። የተሻለ ኩለር ሲያገኝ ሙቀቱን ከመቀነስ ይልቅ ፍጥነቱን ይጨምራል። ስለዚህ 95 ማየት ብቻውን ብልሽት አይደለም። ቁጥሩ ካሳሰብዎት ባዮስ ውስጥ የኃይል ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ከማንኛውም ኩለር የበለጠ ዲግሪ ያወርዳል፤ የሚጠፋው ፍጥነትም ትንሽ ነው። ኢንቴል ላይ የብዙዎቹ ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው።

የአየር ኩለር ለምን ይታሰብ?

ትልቅ የአየር ኩለር ላይ የሚበላሸው ፋኑ ብቻ ነው፤ እሱም በደቂቃዎች ይቀየራል። ሊኩዊድ ኩለር ግን ፓምፕ አለው፣ ፈሳሹም በዓመታት ይቀንሳል። ሰው ሳያየው ዓመት ከዓመት የሚሠራ ኮምፒውተር ከሆነ የአየሩን እንመርጣለን። ሊኩዊድ ኩለር የሚያሸንፈው ኬዙ 155 ወይም 165 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ማማ የማይችል ሲሆን፣ ከባድ ጭነት ለሰዓታት ሲቀጥል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ሲሆን ነው። አንድ ኪሎ የሚያልፍ ብረት ማዘርቦርድ ላይ ተንጠልጥሎ መንገድ ላይ ቢንገጫገጭ ሶኬቱንም ቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል።

የራዲያተር ልክ

240 እና 360 ማለት ባለ120 ሚሊሜትር ሁለት ወይም ሦስት ፋን፣ 280 እና 420 ማለት ባለ140 ሚሊሜትር ሁለት ወይም ሦስት ፋን ማለት ነው። ስፋታቸውን ሲያሰሉ የሚገርም ነገር ያገኛሉ። 240 የሚሸፍነው 28,800 ካሬ ሚሊሜትር፣ 280 የሚሸፍነው 39,200፣ 360 የሚሸፍነው 43,200፣ 420 የሚሸፍነው 58,800 ነው። ከ240 ወደ 280 ሲሄዱ 36 በመቶ ይጨምራሉ፤ ከ280 ወደ 360 ግን 10 በመቶ ብቻ። ኬዝዎ 280 ከተቀበለና 360 ካልተቀበለ አይዘኑ፤ ያጡት ብዙ አይደለም። ባለአንድ ፋኑን 120 ግን በጣም ጠባብ ኬዝ ካላስገደደዎት በቀር ይተዉት፤ በዚያው ዋጋ የሚገኝ ጥሩ የአየር ኩለር ይበልጠዋል።

ውፍረቱም መታየት አለበት። የተለመደው ራዲያተር 27 ሚሊሜትር ነው፤ ከ25 ሚሊሜትር ፋን ጋር 52 ይሆናል። እንደ አርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር ያሉት 38 ሚሊሜትር ስለሆኑ ከነፋናቸው 63 ይደርሳሉ። ርዝመቱ ደግሞ ከስሙ ይበልጣል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ፈሳሹ የሚዞርባቸው ሣጥኖች ስላሉ 360 የተባለው ወደ 400 ሚሊሜትር፣ 240 የተባለው ወደ 280 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ስለዚህ የብረት ማስመሪያ ይዘው ኬዙን ከፍተው ይለኩ። ራዲያተሩ ጣሪያ ላይ የሚሆን ከሆነ ከጣሪያው የውስጥ ገጽ እስከ ማዘርቦርዱ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት ይውሰዱ። 55 ሚሊሜትር ካለ የተለመደው ውፍረት ያለሥጋት ይገባል። ከዚያ ካነሰ ራዲያተሩና ፋኖቹ ከቦርዱ ፊት ለፊት ይወርዳሉ፤ ያኔ ሁለት ነገር ይጋጫቸዋል፤ የራሙ ቁመትና በሶኬቱ ዙሪያ ያለው የኃይል ክፍል ማቀዝቀዣ ብረት። መብራት ያላቸው ረጃጅም ራሞች ከ44 ሚሊሜትር አልፈው እስከ 56 ይደርሳሉ፤ ጌጥ የሌለው ራም ግን 31 ገደማ ነው። የኬዙ አምራች «ጣሪያ ላይ 360 ይቀበላል» ካለ በኋላ በደቃቅ ጽሕፈት የራም ቁመት ገደብ የሚጽፈው ለዚህ ነው፤ ያንን መስመር ፈልገው ያንብቡት። ራዲያተሩ ፊት ለፊት የሚሆን ከሆነ የግራፊክስ ካርዱን ርዝመት ከ52 ጋር ይደምሩ፤ ድምሩ ኬዙ ከሚቀበለው የካርድ ርዝመት መብለጥ የለበትም።

ጣሪያ ላይ ወይስ ፊት ለፊት?

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ኩለሩን ዕድሜውን የሚያሳጥረው ነው። በእያንዳንዱ የታሸገ ኩለር ውስጥ ጥቂት አየር አለ፤ ከጊዜ ጋርም ይጨምራል፤ ምክንያቱም ውኃው በቱቦው ግድግዳ በኩል በጣም በዝግታ ይተናል። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣል። ከፍ ያለው ቦታ ፓምፑ ከሆነ፣ አረፋው እዚያ ይሰበሰብና ፓምፑ በፈሳሽ ፋንታ አየር እየመታ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ቀድሞ ያልቃል። ሕጉ አንድ ነው፤ የራዲያተሩ አንዱ ጫፍ ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ጣሪያ ላይ ሲገጠም ይህ በራሱ ይሟላል። ፊት ለፊት ሲገጠም የራዲያተሩ ራስ ከፓምፑ ከፍ ካለ ይሠራል፤ ቱቦዎቹ ከታች ቢወጡ ግን ይሻላል፤ አየሩ የላይኛው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፣ ቱቦዎቹም ምንጊዜም ፈሳሽ ውስጥ ናቸው። ቱቦው ከላይ ከወጣ የማንቋረር ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ኬዙ ወለል ላይ መግጠም ግን አደራ አይሞከር።

ቱቦ ወደ ታች አድርገው ፊት ለፊት ለመግጠም ካሰቡ የቱቦውን ርዝመት ቀድመው ያረጋግጡ፤ ከ400 ሚሊሜትር ያነሰ ከሆነ በግራፊክስ ካርዱ ዙሪያ አልፎ ላይደርስ ይችላል። ደርሶ ግን ተወጥሮ ከታጠፈም ፈሳሹ ይታነቃል።

ከሙቀት አንጻር፣ ፊት ለፊት አየር የሚያስገባ ራዲያተር ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ስለሚያገኝ ፕሮሰሰሩን ትንሽ ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ያሞቀው አየር ግን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይነፍሳል። ጣሪያ ላይ አየር የሚያስወጣው በተቃራኒው ነው። ጌም ለሚጫወት ሰው ካርዱ ከፕሮሰሰሩ የበለጠ ስለሚሞቅ ጣሪያውን እንመክራለን።

ሶኬቱ ላይ ይገጥማል?

ለኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ሶኬት የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት 78 ሚሊሜትር ነው፤ በፊት የነበረው ኤልጂኤ 1200 ግን 75 ነበር። የድሮ መግጠሚያ እንደምንም ተገፍቶ ቢገባ እንኳ ጫናው ትክክል አይሆንም፤ ከአምራቹ የ1700 መግጠሚያ ያግኙ። በ2024 የመጣው ኤልጂኤ 1851 የ1700ን መግጠሚያ ይቀበላል። በ2022 የመጣው ኤኤም5 ደግሞ የኤኤም4 ቀዳዳዎችን ይዞ ቀርቷል፤ ልዩነቱ ከቦርዱ ጀርባ ያለው ሳህን ከሶኬቱ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። የራሱን የጀርባ ሳህን ካልገጠመ የማይሠራ አሮጌ ኩለር ስለዚህ ኤኤም5 ላይ አይሆንም።

የራይዘን ኮሮች ከክዳኑ መካከል ሳይሆን ወደ አንድ ጠርዝ ያዘነበሉ ናቸው። አንዳንድ አምራቾች ሳህኑን ወደዚያ በጥቂት ሚሊሜትር የሚያሸሽ መግጠሚያ ይሰጣሉ። ሁለት ተመሳሳይ ኩለር መካከል ከተቸገሩ ይህ ያለውን ይውሰዱ፤ ያለ ተጨማሪ ድምፅ ጥቂት ዲግሪ የሚያወርድ ነገር ብዙ አይገኝም።

ፋን፣ ፓምፕ፣ መብራት

የራዲያተሩ ክንፎች ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ፋኑ አየር መግፋት መቻል አለበት። በዝርዝሩ ላይ «ስታቲክ ፕረሸር» የሚለውን፣ በሚሊሜትር ውኃ የሚለካውን ይመልከቱ፤ ከ2 በላይ ጥሩ ነው። የዴሲቤል ቁጥርን አምራቾች በተለያየ ርቀትና ፍጥነት ስለሚለኩት ካርቶን ከካርቶን አያወዳድሩ።

ዋስትናው ከ3 እስከ 6 ዓመት ይለያያል። ረጅሙን ይምረጡ፤ ደግሞም ፈሳሹ ቢያፈስ ሌሎች ዕቃዎችን ስለመተካት የሚለውን ያንብቡ። ፓምፑ ላይ ያለው ስክሪን ያምራል፤ የሚያወርደው ዲግሪ ግን የለም።

መብራት ካለው መሰኪያውን ያስተውሉ። ባለ3 ፒኑ 5 ቮልት፣ ባለ4 ፒኑ 12 ቮልት ነው። የ5 ቮልቱን መብራት 12 ቮልት ላይ ከሰኩት ወዲያው ይቃጠላል።

ሲገጥሙ የሚበላሹ ነገሮች

የመዳቡ ሳህን ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ ይላጡ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «አዲሱ ኩለር አይሠራም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አሮጌ ፔስት ካለ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ። ሳህኑ ላይ ፔስት ተቀብቶ ከመጣ ሌላ አይጨምሩ፤ ካልመጣ መሐሉ ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ጠብታ፣ ሞላላ ክዳን ላላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ መሐል ላይ ረዘም ያለች መስመር ይበቃል።

ብሎኖቹን የመኪና ጎማ ዳዶ እንደሚጠብቀው በሰያፍ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዙር እያሉ ያጥብቁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሳህኑን ያጋድለዋል፤ ያኔ ሁለተኛው ኬላ ይዘጋል። ብሎኑ ሲቆም ይቁሙ፤ በካቻቪቴ አይታገሉት።

ራዲያተሩን ከኬዙ ጋር ለማያያዝ አጫጭሮቹን ብሎኖች፣ ፋኑን ለማያያዝ ደግሞ ወደ 30 ሚሊሜትር የሚደርሱትን ረጃጅሞቹን ይጠቀሙ። ረጅሙን ፋን በሌለበት ቦታ ቢያስገቡት ጫፉ የራዲያተሩን የፈሳሽ መንገድ ይበሳል፤ ያ ደግሞ አይጠገንም።

ፓምፑን ማዘርቦርዱ ላይ ለፓምፕ በተለየው መሰኪያ ሰክተው ባዮስ ውስጥ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ያድርጉት። የራዲያተሩን ፋኖች «ሲፒዩ ፋን» በሚለው መሰኪያ ይሰኩ፤ እሱ ባዶ ከሆነ ብዙ ቦርዶች «ፋን የለም» ብለው ማስነሣት ያቆማሉ። ኃይል በሳታ ገመድ (ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ገመድ) የሚወስድ ፓምፕ ከሆነ ያንን መሰካት አይርሱ።

የፋኑን ፍጥነት በፕሮሰሰሩ ሙቀት ሳይሆን፣ ኩለሩ መለኪያ ካለው፣ በፈሳሹ ሙቀት ያስሩት። ምክንያቱን በስሌት ማየት ይቻላል። 200 ሚሊሊትር ውኃ 200 ዋት ቢገባበትና ምንም ባይወጣ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል። ፕሮሰሰሩ ግን በቅጽበት 30 ዲግሪ ይዘላል። ፋኑ ያንን ዝላይ ቢከተል ፈሳሹ ገና ሳይሞቅ ይጮኻል፣ ይተኛል፣ ይጮኻል። የፈሳሽ መለኪያ ከሌለ ባዮስ ውስጥ ያለውን የመዘግየት ምርጫ ከፍ ያድርጉት። ፈሳሹ 60 ዲግሪ እንዳይነካ ይጠብቁ።

ችግሩ የት እንዳለ ከአወጣጡ ይታወቃል

የጭነት መሞከሪያ ፕሮግራም አስነሥተው ሰዓት ይያዙ። ሙቀቱ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ፍጥነቱ ከወደቀ ጥፋቱ ፈሳሹ ላይ አይደለም፤ ሙቀቱ ገና ፈሳሹ ጋ አልደረሰም። ያልተላጠ ላስቲክ፣ የተጋደለ ሳህን ወይም የሌለ ፔስት ይፈልጉ። መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ አንዱ ቱቦ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ፈሳሹ አይዞርም፤ ፓምፑ ኃይል ማግኘቱንና ዙሩ ባዮስ ላይ መታየቱን ያረጋግጡ። ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ቀስ ብሎ ከወጣና ሁለቱም ቱቦዎች ትኩስ ከሆኑ፣ ሙቀቱ የታነቀው አራተኛው ኬላ ላይ ነው፤ በክንፎቹ መካከል አቧራ ተጠቅጥቋል፣ ፋኑ ተገልብጦ ተገጥሟል፣ ወይም ራዲያተሩ በእርግጥም ለጭነቱ አንሷል። ትልቁን ራዲያተር የሚያስገዛው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው።

ለዓመታት ደህና ሲሠራ የቆየ ኩለር ማንቋረር ከጀመረ፣ ሙቀቱም በየወሩ ከፍ እያለ ከሄደ ፈሳሹ ቀንሷል። ኬዙን ቀስ ብለው ወደ ጎንና ወደ ጎን ቢያዘነብሉት አረፋው ከፓምፑ ወጥቶ ለጊዜው ሊሻለው ይችላል። በቧንቧ ውኃ ለመሙላት ግን አይክፈቱት፤ ሳህኑ መዳብ፣ የብዙዎቹ ራዲያተር ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ከሳሳ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ዝቃጩም የሳህኑን ደቃቅ ክንፎች ይደፍናል። ዋስትናው ካላለቀ ይመልሱት፤ ካለቀም በአዲስ ይተኩት።